የግቢያችን ጉድጓድና የጎረቤታችን ሐቅ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዛሬው ዝግጅታችን ለመናገር ስለምናፍርበት፣ ነገር ግን ጠሃራችንንም ጤናችንንም ስለሚነካ ጉዳይ እንነጋገራለን። እርሱም በየግቢያችን ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ነው።

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሌሎቹም የቡና ከተሞቻችን አብዛኞቻችን ፍሳሻችንን የምናጠራቅመው በግቢያችን ባስቆፈርነው ጉድጓድ ወይም ባሠራነው ሴፕቲክ ታንክ ነው። ክዳኑን ከገጠምን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ግን አላለቀም። ታንኩ ውስጥ ከባዱ ነገር ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መካከል ያለው ውሃ ደግሞ ወጥቶ ወደ አፈር ይሰርጋል። ዝቃጩን ቀስ በቀስ የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ታንኩ በደንብ የሚሠራው እነርሱ እስካልሞቱና ዝቃጩ እስካልበዛ ድረስ ነው።

እንግዲህ ከማእድ ቤት እንጀምር። አገራችን የቡና አገር ነውና በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጀበና እንጥዳለን። አተላውንም ከስኒው እጣቢ ጋር ወደ ማጠቢያው እንደፋለን። የቡና አተላ ግን ቶሎ አይበሰብስም፤ ከታች እየተከማቸ ታንኩን ያለ ጊዜው ይሞላዋል። አተላውን ለጓሮ አትክልታችን እንስጠው። የድስቱን ቅባትም ከማጠባችን በፊት በወረቀት ጠርገን ከደረቅ ቆሻሻ ጋር እንጣለው። ሞዴስ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ፌስታል፣ ጨርቅና የጫት ገረባ ወደ ሽንት ቤት መግባት የለባቸውም።

ሽታ ሲመጣ ብዙዎቻችን በረኪና በጠርሙስ እንገለብጣለን። ይህ ያንኑ የሚያብላላውን ተሕዋስ ይገድለዋል። ለዘወትር ጽዳት ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይበቃል። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይደረግም።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ይህም ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። እኛ ግን ቧንቧውን ከፍተን እየተነጋገርን ውዱእ እናደርጋለን። ቤተሰቡ በቀን አምስት ጊዜ ይህን ሲያደርግ ታንኩ በውሃ ይጥለቀለቃል፤ ዝቃጩም ሳይረጋ ወደ ውጭ ይገፋል። የውዱእ ውሃ ወደ ሙዙ ወይም ወደ እንሰቱ ሥር እንዲሄድ ብናደርግ ታንኩ ይተነፍሳል። የጣራ ውሃም ወደ ታንኩ አይግባ፤ የሚንጠባጠበውን ቧንቧም ፈጥነን እናሠራ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በክረምት ጉድጓዱ ሲሞላ፣ ዝናብና ጨለማን ተገን አድርጎ ወደ ቦይ የሚለቅ ሰው አለ። ሌሊት የተለቀቀው ነጃሳ በጅማ ከሆነ ከተማዋን አቋርጦ ወደሚያልፈው አዌቱ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። በመንገዱም ጎረቤት ወደሚቀዳበት የውሃ ጉድጓድ ይገባል። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ፍሳሽ ወንዛችንን አበላሸ ብለን በየዓመቱ እናማርራለን። የራሳችንንስ ማን ይናገረን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል፤ ጎረቤትን ከማስቸገርም አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። በነሐሴ 2014 (እ.ኤ.አ. 2022) በባሌ ዞን የተነሳው ኮሌራ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሲዛመት አይተናል። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ ነው።

ስለዚህ ዝቃጩ የታንኩን ሲሶ ሲይዝ፣ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ፣ እናስመጥጠው። መንገዱ ጭቃ ሳይሆን በበጋ ቢሆን ይመረጣል። ጎረቤታሞች ተነጋግረን መምጠጫ መኪናውን በአንድ ቀን ብንጠራው መልካም ነው። አዲስ ስናስቆፍር ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እናርቀው። ግቢው ጠባብ ሆኖ ይህ ካልተቻለ የምንጠጣውን ውሃ እናፍላ።

በመጨረሻም አደራ የምንለው አለ። ወደ ታንኩ ማንም ሰው አይግባ፤ ክዳኑ ሲከፈትም እሳት አይቅረብ። ውስጡ ያለው ጋዝ በቅጽበት ሰው ይጥላል፤ ሊያወጣው የገባውንም ያስከትላል። ክዳኑ ልጅ የማይከፍተው፣ እግርም የማይሰብረው ይሁን።

የቤታችንን ንጽሕና የምንጠብቀው የጎረቤታችንን ንጽሕና በማጉደፍ መሆን የለበትም። አላህ ከጠሃራ ሰዎች ያድርገን፤ የጎረቤቶቻችንንም ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።