ደካማውን ድምፅ ስለ መስማት
(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በአንበሳሜ በገበያ ቀን ሰው ካልጮኸ አይደማመጥም። ሌሊት ግን በሩቅ መንደር የሚጮኽ ውሻ እንኳ ይሰማል። የውሻው ድምፅ አልጨመረም፤ ሁካታው ነው የቀነሰው። ልንነግራችሁ የመጣነው የሳይንስ ሥራም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

ኤሌክትሮን እንደ ደቂቅ ማግኔት ናት። ሊቃውንቱ ይህን ጠባይዋን «ስፒን» ይሉታል፤ እንደ እናቶቻችን እንዝርት ትሾራለች ለማለት ነው፤ ምሳሌው ግን ፍጹም አይደለም። በማግኔት መካከል ሆና ልኩ የተመጠነ የማይክሮዌቭ ሞገድ ሲደርሳት ትገለበጣለች። ይህን እ.ኤ.አ. በ1944 በካዛን ከተማ ያገኘው ዛቮይስኪ የተባለ ሰው ነው።

ችግሩ የአንዲቱ ድምፅ እጅግ ማነሱ ነው። በተለመደው መሣሪያ በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ኤሌክትሮኖች በአንድነት ካልጮኹ አይሰማም። ሁካታውም ሙቀት ነው፤ መሣሪያው ራሱ በሙቀቱ ይንጫጫል።

ስለዚህ በፈረንሳይ አገር በሳክሌ የሚሠሩ ሊቃውንት መሣሪያቸውን ከዜሮ በታች እስከ 273 ዲግሪ ገደማ አቀዘቀዙት፤ ከዚያ የባሰ ብርድ የለም። በዚህ ብርድ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች መሰናክል ያሳልፋል፤ ሱፐርኮንዳክተር ይባላል። ከእርሱ በሠሩት ሰርኪት እ.ኤ.አ. በ2016 የ1,700 ኤሌክትሮኖችን ማስተጋባት ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሞገዱን ቅንጣት አንድ በአንድ የሚቆጥር ሌላ ሰርኪት ጨምረው የአንዲቱን ብቻ ሰሙ! በጎረቤታችን በደብረ ታቦር፣ በጋፋት፣ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራችው በእሳት ኃይል ነበር፤ እነዚህ ደግሞ በብርድ ተጠበቡ።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። የጥንት ጥርስ ዕድሜ በስፒን ዘዴ ይለካል። ከአፈሩ የሚወጣው ጨረር በጥርሱ ቅርፊት ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው እያፈናቀለ ያጠራቅማል፤ ብዛታቸው ዘመኑን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአፋር በሄርቶ የተገኙት ሰዎች 160,000 ዓመት ገደማ እንደሆናቸው የታወቀው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ በሌለበት ግን ጥርሱን መመርመር፣ ለምርመራውም ከቅርሱ መቁረስ ሊያስፈልግ ይችላል። የተቆረሰው አይመለስም።

የሳክሌው መሣሪያ የተፈተነው በተመረጡ ክሪስታሎች እንጂ በጥርስ አይደለም። ከኢምንት ቅንጣት ዘመንን ማንበብ ገና የሚሠራ ሥራ ነው፤ ከመካከላችን ፊዚክስ ለመማር ያሰቡ ሦስት አሉ። ጥያቄ ያላችሁ ከሻዩ በኋላ ጠይቁን።