ባሕር ሳይሻገሩ ግሪክን ስለ መጐብኘት
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን ባሕር ማዶ መሄድን የማይመኝ ተማሪ አይገኝም ብል አልሳሳትም። እኔም ያው ነበርሁ። 11ኛ ክፍል ሳለሁ ለአንድ የውጭ አገር ጉብኝት ተወዳድሬ ሳልመረጥ ቀረሁ፤ አባቴም የአውሮፕላን መሳፈሪያ ለመክፈል አቅም አልነበራቸውም። አኵርፌ ስሰነብት የታሪክ መምህሬ፣ «ግሪክን ማየት ከፈለግህ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን እዚሁ አዲስ አበባ አለልህ፤ በመጀመሪያ እዚያ ሂድ» አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ፤ ነገር ግን ሄድሁ።

እንዲህ ያለው ጉብኝት በሌላም አገር የታወቀ ነው። የኒውዮርክ ሰው የግሪክን ዳቦና ቡና ሲያምረው አስቶሪያ ወደሚባለው ሰፈር ይሄዳል። በፍሎሪዳ ታርፖን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ደግሞ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1905 ጀምሮ ከካሊምኖስና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ግሪኮች ከባሕር ጠልቀው ስፖንጅ በማውጣት ኖረዋል። በየዓመቱ ጃንዋሪ 6፣ በጥምቀታቸው ቀን፣ መስቀል ወደ ውሃ ይወረወራል፤ ከ16 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ወጣቶችም ዘለው ገብተው ይፈልጉታል። በዕድሜዬ እኔም ከነርሱ ጋር በዘለልሁ ነበር!

ወደ ራሴ ጉዞ ልመለስ። ቤተ ክርስቲያኑ የተሰየመው በቅዱስ ፍሬምናጦስ ነው፤ ይኸውም በአራተኛው መቶ ዓመት ጳጳስ የሆነልን የኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። ቋንቋው ስለማይገባኝ በሩ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ፣ ድንገት «ኪርዬ ኤሌይሶን» የሚል ሰማሁ። አያቴ በሕማማት እየሰገዱ የሚሉት «ኪርያላይሶን» ነበር! ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቡና ጋበዙኝና ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው «ትራፔዚ» ሲሉኝ ሁለታችንም ሳቅን። የግዕዝ ቍጥሮቻችን ፩፣ ፪፣ ፫ ከግሪክ ፊደል መምጣታቸውን፣ የንጉሥ ኢዛናም የድንጋይ ጽሕፈት በአክሱም በግዕዝና በግሪክ መቆሙን ተምሬ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱ ነፍስ የዘራልኝ ያን ቀን ነው።

ሽማግሌው የተወለዱት እዚሁ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ብዙ ወገኖቻቸው ሄደዋል፤ ልጆቻቸውም አቴና ናቸው። «እዚያ ስሄድ ሐበሻው ይሉኛል፤ እዚህ ስመለስ ግሪኩ ይሉኛል» አሉኝ። እኔም አፈርሁ፤ በደጃፋቸው ስድስት ዓመት ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ ጤና ይስጥልኝ አላልኋቸውም ነበርና።

እንግዲህ ይህ ጉብኝት ግሪክን ያህላል አልልም። የኤጌን ባሕር አላየሁም፤ ፓርተኖንንም አላየሁም። ዕድል ያገኘ ይሂድ፤ እኔም ባገኝ እሄዳለሁ። ነገር ግን የጎረቤቱን ደጅ ያላንኳኳ ሰው፣ አቴና ቢደርስ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል እንጂ ከሰው ጋር አይተዋወቅም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ሂዱ፤ ስትሄዱ ግን እንደ እንግዳ ሂዱ እንጂ አውሬ ለማየት እንደሚሄድ ሰው አትሁኑ። አስቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩም አድምጡ። ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ልጆቻችሁን አትከልክሉ። እነዚህ ሽማግሌዎች በያመቱ እየጐደሉ ነውና፣ ነገ እንሄዳለን ብንል ደጁን የሚከፍትልን ላናገኝ እንችላለን።