ስለ ኮክ ፍሬና በድስት ስለሚጋገረው ኮብለር
ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



በቤትና በጓሮ ሁለት ነገር ሳይታወቅ ይባክናል። አንዱ በወራቱ በዝቶ ከዛፍ እየወደቀ የሚበሰብስ ፍሬ ነው፤ ሁለተኛው በባለሙያ እናቶች እጅ ያለ፥ ነገር ግን ያልተጻፈና ያልተመዘነ ዕውቀት ነው። ፍሬው ቢበሰብስ ዛፉ በሚመጣው ዓመት ሌላ ያፈራል፤ ዕውቀቱ ግን ከባለቤቱ ጋር ከተቀበረ የሚተካው የለም። የዚህም ንግግር አሳብ ኮክ ከሚባለው ፍሬ አንድ ቀላል መብል በቤት እንዴት እንደሚጋገር ማስረዳትና በዚሁ ምክንያት የእጅ ሙያና የብዕር ሥራ እንዴት እንደሚረዳዱ ማሳየት ነው።

ኮክ ከጽጌ ረዳ ወገን የሚቈጠር ዛፍ ነው። የጥንት አገሩ ቻይና ሲሆን፥ በፋርስ በኩል አልፎ ወደ ምዕራብ አገሮች ደረሰ። ሮማውያን በፋርስ የተገኘ መስሏቸው የፋርስ ፖም ብለው ሰየሙት፤ በብዙ የኤውሮፓ ቋንቋም የሚጠራበት ስም ከዚሁ የወጣ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1500 ዓመት በኋላ እስጳንያውያን ወደ አሜሪካ ወሰዱት፤ የአገሩም ተወላጆች ዘሩን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ተከሉት። ይህ ዛፍ እንቡጡን በደኅና ይከፍት ዘንድ አስቀድሞ የብርድ ወራት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ የሚስማማው በደጋው አገር ነው።

ኮብለር የሚባለው መብል የተጀመረው በአሜሪካ ነው። ከኤውሮፓ ሄደው በዚያ የሰፈሩ ሰዎች በአገራቸው የለመዱትን በፍሬ የተሞላ የሊጥ ጋገራ ለመሥራት ሲፈልጉ፥ ብዙዎቹ ፉርኖ የሚባለው የዳቦ መጋገሪያ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፍሬውን በወፍራም የብረት ድስት ውስጥ አኑረው ሊጡን ከላዩ አለበሱት፤ ድስቱንም በፍም ላይ አስቀምጠው በክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም ከመሩበት። በ1839 ዓመት ሌቲስ ብራያን የተባለች ሴት «የኬንታኪ የቤት እመቤት» በሚል ስም ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን የኮክ መብል ከነስሙ ጽፋ፥ ለቤተ ሰብ የሚስማማ መሆኑን መስክራለታለች።

ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያለው ግን የአቢ ፊሸር ታሪክ ነው። ይህች ሴት በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በባርነት ዘመን የተወለደች ጥቁር ሴት ስትሆን፥ ማንበብና መጻፍ አልተማረችም ነበር። ነገር ግን በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በማብሰል ሙያዋ እጅግ ስለ ተመሰገነች፥ እርሷ በቃሏ እየተናገረች ሌሎች ጻፉላት፤ መጽሐፏም በ1881 ዓመት ታተመ። በእጅዋ የነበረው ሙያ የሌላ ሰው ብዕር ስላገዘው ከእርሷ ዕድሜ አልፎ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከላይና ከታች እሳት አድርጎ መጋገር ለኢትዮጵያ እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም። ድፎ ዳቦ በኮባ ተሸፍኖ በምጣድ ላይ ከተደፋ በኋላ፥ በሌላ ምጣድ ተከድኖ ከላዩ እሳት ይደረግበታል። በአሜሪካ የሰፈሩት ሰዎች በብረት ድስት ያደረጉትና የድፎ ጋጋሪዋ በምጣድ የምታደርገው በሥራው አንድ ነው። ነገር ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራልና፥ ይህን ጥበብ ሲያዩ ያደጉት ልጆች እንደ ትምህርት አይቈጥሩትም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። የኮክ መብሰል በ3 ምልክት ይታወቃል፤ ይኸውም የቆዳው አረንጓዴነት ወደ ቢጫ ወይም ወደ ነጭነት ሲለወጥ፥ በአንጓው በኩል መልካም ሽታ ሲሰጥ፥ በአውራ ጣት ቀስ አድርገው ሲጫኑት ጥቂት ሲለሰልስ ነው። ጥሬውን ተለቅሞ በቤት ቢቀመጥ ይለሰልሳል እንጂ ጣፋጭነቱ እምብዛም አይጨምርም፤ ስለዚህ ለመልቀም መቸኰል አይገባም። በመውደቁ ጥቂት የተጐዳው ክፉው ተቈርጦ ሊበላ ይችላል፤ የሻገተው ግን በሙሉ ይጣል።

ለ6 ሰው የሚበቃው ልክ ይህ ነው። 1 ኪሎ ኮክ፥ 150 ግራም ስኳር፥ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፥ 100 ግራም ለጋ ቅቤ፥ ከ1 ሊትር ወተት አንድ አምስተኛው፥ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ የ1 ሎሚ ጭማቂ ይዘጋጅ። ፍሬው እጅግ ጣፋጭ ከሆነ ስኳሩ ይቀነስ። በጾም ቀን በቅቤው ፈንታ ዘይት፥ በወተቱ ፈንታ ውሃ ቢገባ ጣዕሙ ይለወጣል እንጂ ሥራው አይበላሽም።

በመጀመሪያ ፍሬው ይታጠብ። በፈላ ውሃ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ያህል ነክረው ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ቢመልሱት ቆዳው በቀላሉ ይላጣል። ከተላጠ በኋላ ጠንካራው ዘር ይውጣና ሥጋው እንደ ጣት ውፍረት ይቈራረጥ፤ እንዳይጠቁርም ሎሚ ይፍሰስበት። ከስኳሩ ሁለቱን እጅና 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ከፍሬው ጋር ቀላቅሎ ሩብ ሰዓት ማቈየት መልካም ነው። ስኳሩ ከፍሬው ውስጥ ውሃውን ይስባል፤ ዱቄቱም ያንን ውሃ ኋላ በእሳት ጊዜ ያወፍረዋል። ከዚያ በኋላ ፍሬው ቅቤ በተቀባ ወፍራም ድስት ውስጥ ገብቶ እስኪንተከተክ ድረስ ይሙቅ። ፍሬው ቀዝቃዛ ሆኖ ሊጡ ቢደረብበት የሊጡ ታችኛው ክፍል ጥሬ ሆኖ ይቀራልና፥ ይህ ነገር አይዘንጋ።

የቀረው ዱቄት ከቀረው ስኳር፥ ከጨውና ከቤኪንግ ፓውደሩ ጋር ይደባለቅ። ቅቤው በጣት ጫፍ እየታሸ እንደ ፍርፋሪ እስኪሆን ድረስ በዱቄቱ ይግባ፤ በመጨረሻ ወተቱ ፈስሶ በማንኪያ በጥቂቱ ይማሰል። ይህ ሊጥ እንደ ዳቦ ሊጥ አብዝቶ አይታሽም፤ ቢታሽ ይጠነክራል። ቤኪንግ ፓውደሩ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል፤ ሊጡን የሚያነሣው ይኸው አየር ነውና፥ ከተማሰለ በኋላ ሳይዘገይ በማንኪያ እየተጨለፈ በትኩሱ ፍሬ ላይ ይደረግ። እንፋሎት መውጫ እንዲያገኝ በመካከሉ ጥቂት ክፍተት ይተውለት። ቤኪንግ ፓውደር በሌለበት ስፍራ በእርሾ የተነሣ የዳቦ ሊጥ በስሱ ተዳምጦ፥ በቢላዋም ተበስቶ ሊለብስ ይችላል።

ስለ እሳቱ አብዝቶ መጠንቀቅ ያሻል። የሚነድ እንጨት ሳይሆን የበሰለ ፍም ያስፈልጋል። ከፍሙ ሲሶው ከድስቱ በታች፥ ሁለቱ እጅ በክዳኑ ላይ ይሁን። ምክንያቱም ስኳር ያለበት ፈሳሽ ከታች በብዙ እሳት ቶሎ ያርራል፤ ሊጡ ግን መብሰልና መቅላት የሚገባው ከላይ ነው። እሳት በሁሉም በኩል እኩል ስለማይሆን ድስቱ በየ15 ደቂቃው ሩብ ዙር ይዞር። ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበስላል። መብሰሉም ቀጭን እንጨት በሊጡ ውስጥ ገብቶ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ፥ በዳር በኩልም ያለው ፈሳሽ ወፍሮ ሲንተከተክ ይታወቃል። ከወጣ በኋላ 20 ደቂቃ ቢያርፍ ፈሳሹ ይረጋል። የሸክላ ድስት የሚጠቀም ሰው ቀዝቃዛውን ድስት በድንገት በብርቱ እሳት ላይ እንዳያኖረው ይጠንቀቅ፤ ይሰነጠቃልና። ፉርኖ ያለው ሰው ደግሞ በ190 ዲግሪ ሙቀት 40 ደቂቃ ያህል ቢያቈየው ይበቃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ሳይነገር አይታለፍ። የመጀመሪያው፥ ፍም በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲቃጠል የማይታይና የማይሸት ገዳይ አየር ስለሚያወጣ፥ ይህ ሥራ በደጅ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ማድ ቤት ይሠራ። ሁለተኛው፥ ልጆች የኮክን ዘር ሰብረው በውስጡ ያለውን ለውዝ የሚመስል ፍሬ እንዳይበሉ ይከልከሉ፤ ይህ ፍሬ በሆድ ውስጥ ሳያናይድ ወደሚባል መርዝ የሚለወጥ ነገር አለበትና።

እንግዲህ መምህሩ ከዚህ አንድ ድስት ብዙ ትምህርት ሊያወጣ ይችላል። ለ6 ሰው 250 ግራም ዱቄት ካስፈለገ ለ15 ሰው ምን ያህል ያስፈልጋል ብሎ ቢጠይቅ የሒሳብ ትምህርት ነው፤ መልሱም 625 ግራም ይሆናል። ሊጡ ስለ ምን እንደሚነሣ ቢያስረዳ የተፈጥሮ ትምህርት ነው። በሥራውም ወንዶችና ሴቶች ልጆች ያለ ልዩነት ይመዝኑ፥ ይላጡ፥ ፍሙን ይጠብቁ፤ የሚበላ ሰው ሁሉ የሚበላውን መሥራት ቢያውቅ የሚጐዳው የለምና።

ከዚህም በላይ ለተማሪዎቹ አንድ የቤት ሥራ ይሰጥ። እያንዳንዱ ልጅ ወደ እናቱ ወይም ወደ አያቱ ሄዶ የድፎ እሳት እንዴት እንደሚለካ፥ ሊጡ መነሣቱ በምን እንደሚታወቅ፥ ዱቄቱ በጭብጥ ስንት እንደሆነ ይጠይቅ፤ ጭብጡንም በሚዛን መዝኖ፥ የሰማውን ከተናጋሪዋ ስም ጋር በደብተሩ ይጻፍ። የአገር ሽማግሌዎችም በየቤቱ ያሉትን ባለሙያዎች ለልጆቹ እንዲያስረዱ ቢመክሩና ቢያደፋፍሩ ሥራው ይቃናል። ለአቢ ፊሸር ቃሏን የሚጽፍላት ተገኝቶላታል፤ ፊደል ያልቈጠሩት የየመንደሩ እናቶችም ቃላቸውን የሚጽፉላቸው ልጆች ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ተቀምጠዋል።