ዘጠኙ መርፌዎች

የድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስሙ የተጠራ ነው። አሮጌ ፕሪንተር ማስነሳት ለሚወድ ሰው ግን ፈተናው ከአየሩ ይጀምራል፤ ሙቀቱ የቀለም ሪባኑን ያደርቃል፣ አቧራው ከሐዲዱ ቅባት ጋር ተለውሶ ይጋገራል።

ኤፕሰን በፈረንጆቹ 1980 ያወጣውን ኤምኤክስ-80 እንውሰድ። ጭንቅላቱ ውስጥ 9 ቀጫጭን መርፌዎች አሉ፤ ኤሌክትሮማግኔት እየገፋቸው ሪባኑን ወረቀቱ ላይ ይመቱታል፤ ጩኸቱም ከዚያ ነው። በየመስመሩ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ሰረዝ ከታየ አንዷ መርፌ ተጣብቃ ሊሆን ይችላል። አልኮል በነካ ጨርቅ ቀስ አድርጎ መጥረግ ነው።

ከአሜሪካ ከመጣ ደግሞ በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ጢሱን ያያል!

ፊደላችንስ? ማሽኑ ግዕዝ አያውቅም፤ «ሀ» ነጥብ በነጥብ እንደ ሥዕል ሊላክለት ይገባል። ለዚያም ግራፍትራክስ የሚባሉት ቺፖች ያስፈልጋሉ፤ እነሱን ማደኑ ነው ዋናው ጨዋታ።