የዓሣ ማጥመጃ አመራረጥ በይፋት ቆላ



ዓሣ ማጥመድ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መንጠቆ ነው። በሸዋ ሮቢት ግን ከመንጠቆው በፊት መመረጥ ያለበት መቆሚያው ነው። ሮቢ ወንዝ ከምዕራቡ ደጋ ስለሚወርድ፣ በቆላው ፀሐይ ወጥቶ ሳለ በደጋው የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ከፍ ካለው ዳር ወርዶ በአሸዋው መካከል መቆም አይገባም፤ ውሃው መደፍረስ ሲጀምር ዘንጉንም ቢሆን ጥሎ መውጣት ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ በአዋሽ ተፋሰስ የሚገኘው አምባዛ አፈ ሰፊና ብርቱ ስለሆነ ወፍራም የናይሎን ክርና ትልቅ መንጠቆ ይሻል። ምግቡን ከሥር ስለሚፈልግ ትሉ በእርሳስ ክብደት ይውረድለት። ቆሮሶ አፈ ጠባብ ነውና ትንሽ መንጠቆ ይበቃዋል። ገዢው ግን በቁጥሩ እንዳይሳሳት፤ 10 ቁጥር መንጠቆ ከ4 ቁጥር ያንሳል።