አንገት መድፋት ጥፋት አይደለም



እኛ ስናድግ ትልቅ ሰው ሲያናግረን አንገታችንን ደፍተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንመልሰው። ልጆቻችንንም እንዲሁ አሳደግን። መንገድ ላይ ግን ፖሊስ ያስቆመዋል፤ ልጁ አንገቱን ሲደፋ «የሚደብቀው ነገር አለ» ይባላል። ቀና ብሎ «ለምን አስቆምከኝ?» ሲል ደግሞ «አስቸጋሪ ነው» ይባላል። ታዲያ በየት በኩል ይውጣ?

ፖሊሱ ገና አፉን ሳይከፍት ፈርዷል። በ2015 ሆሎን ላይ የተደበደበው ልጃችን የወታደር ልብስ ለብሶ ነበር። ልብሱ አልታየለትም፤ ቆዳው ነው የታየው። በ2016 ደግሞ የፖሊስ ዋና አዛዡ ራሱ፣ የኛን ልጆች አብልጦ መጠርጠር ተፈጥሯዊ ነው ብሎ ተናገረ። አለቃው እንዲህ ካለ የበታቹ ምን ይማር?

ከዱላው ሌላ የምፈራው አለ፤ ልጁ ራሱን በፖሊሱ ዓይን ማየት ሲጀምር ነው። ያኔ ለኛም አይነግረንም። ወላጆች፣ ልጃችሁ ተከፍቶ ሲገባ «ምን አጥፍተህ ነው?» አትበሉት። አስቀድማችሁ «ምን አደረጉህ ልጄ?» በሉት።

ልጆች፣ እጃችሁ ይታይ፣ አትሩጡ፣ በእርጋታ የፖሊሱን ስምና ያስቆማችሁበትን ምክንያት ጠይቁ። ይሄ ድፍረት አይደለም፣ መብት ነው። ቤት ስትገቡም ተናገሩ፣ አትደብቁ።

ለፖሊስም የምንለው አለን፦ መሣሪያ የያዝከው አንተ ነህ፤ መጀመሪያ መጠየቅ፣ መስማትም ያንተ ግዴታ ነው። አንገታችንን የደፋነው አክብረንህ እንጂ አጥፍተን አይደለም።