የወንዶ ገነት ማረፊያ

አቅራቢ፦ ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ወንዶ ገነት የሚወጣ መንገደኛ፣ ከተራራው ሥር የሚፈልቀውን ፍል ውሃና በጥንታውያኑ ዕፅዋት ላይ የሚዘሉትን ጉሬዛዎች በተመለከተ ጊዜ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስለ ምን ያን ሥፍራ ለማረፊያ እንደ መረጡት ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል።

አቅራቢት፦ እውነት ነው፣ ወንድሜ። የንጉሠ ነገሥቱ ማረፊያ የነበረው ግቢ በኋላ የዋቢ ሸበሌ ሆቴል ሆኖ፣ ማንኛውም ተጓዥ ከፍሎ የሚያድርበት ሥፍራ መሆኑ ደስ ያሰኘኛል። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተውን፣ በቤተ መንግሥት ግቢ ያለውን የአዲስ አበባውን አንድነት ፓርክ ተመልካች አይቶ ይመለሳል፤ እንግዳ የሚያድርበት ቤት ግን መስኮቱ በየማለዳው ይከፈታል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ጣራው ሲያፈስ ወዲያው ይታወቃል።

አቅራቢ፦ እንግዳ የሚያድርበት ቤት መታደሱ አይቀርም፤ ዳሩ ግን እድሳት የተባለው ሁሉ እድሳት አይደለም፤ አሮጌውን ግንብ አፍርሶ በመስታወት መተካት ታሪክን መሻር ነውና።

አቅራቢት፦ በዚህስ እስማማለሁ። በይርጋለም አረጋሽ ሎጅ በሲዳማ ቤት አምሳል በቀርከሃ የተሠሩት ጎጆዎች፣ ምቾትና የአገር ጥበብ በአንድነት ሊኖሩ እንደሚችሉ ይመሰክራሉ። ደግሞም የወንዶ ገነት ፍል ውሃ ከንጉሠ ነገሥቱ ማረፊያ በፊት የነበረ ስለሆነ፣ የአካባቢው ሕዝብ በአቅሙ ከፍሎ የሚታጠብበት ሥፍራ በማናቸውም እድሳት ሊነካ አይገባም።